ያልተነበቡት የአባትሽ መጻሕፍት

ሐይቅ
ሰኞ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ ለሀፊዛ ኡስማን
ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኪ ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረምሽ ልጄ? ራሴን ያዞረኛል ብለሽኝ ነበር፤ ተሻለሽ ወይ? እመቤትሽስ ዓርብ ዓርብ ታሳርፍሻለች? እኔ አላህ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። አባትሽም እህትሽ ሀኒያም አብረውኝ አሉ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አታንብቢው። የአገር ልጆች ያሉበት ቤት ሂጂና ጓደኛሽን ኢንሳፍን አጠገብሽ አስቀምጠሽ አንብቢው። ምን መጣ ብለሽ አትመራመሪ፤ እንዳልኩሽ አድርጊ። ፊደሌ ከተጣመመብሽ ደግሞ ኢንሳፍ ታግዝሽ። እኔ በሕይወቴ አንብቤ የጨረስኩት መጽሐፍ በልጅነቴ በመሠረተ ትምህርት የሰጡንን ብቻ ነው።

ስልኩ ከተቋረጠ ሰነበተ፤ መብራትም የለም። ደብዳቤውን ሀኒያ ትይዘዋለች። ነገ ማለዳ በሹፌሩ በማዕረግ አይሱዙ ወደ ደሴ ትወጣለች፤ ከዚያ ባገኘችው መኪና አዲስ አበባ አጎትሽ ኸሚስ ጋ ትገባለች። እሱ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ሀኒያ እንዳትከፍተው በጨርቅ ጠቅልዬ አፉን በክር እሰፋዋለሁ። ታውቂያት የለ፣ የተዘጋ ነገር አይታ እንቅልፍ አይወስዳትም።

ስልክ በነበረበት ጊዜ "ሰው ሁሉ ሲወጣ እናንተ ምን ትጠብቃላችሁ?" እያልሽ ስትጮሂብኝ "አባትሽን ጠይቂው" እያልኩ እሸሽሽ ነበር። ዛሬ ሁሉንም እነግርሻለሁ። አባትሽ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም ያለው በመጻሕፍቱ የተነሣ ነው። አትሳቂ። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

የመጽሐፍ ፍቅሩን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ የባሰበት ግን አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው። በ2010 ያ ሁሉ እስረኛ ተፈትቶ፣ ሰው የፈለገውን በአደባባይ ሲናገር፣ ደሴ ፒያሳ አስፋልቱ ዳር መጽሐፍ እንደ ሽንኩርት ተዘረጋ። የታሰረው ጻፈ፣ ያሰረውም ጻፈ። አባትሽ ለሱቁ ጨርቅ ሊያመጣ ደሴ በወጣ ቁጥር ከጣቃው መሃል አንድ መጽሐፍ ወሽቆ ይመለሳል። "አገር ሊስተካከል ነው መስኡዳ፤ ሰው ማንበብ አለበት" ይለኛል። ያመጣዋል፣ ሽፋኑን በመዳፉ ይጠርገዋል፣ መደርደሪያው ላይ ያቆመዋል፤ በቃ። ሲገዛው ያነበበው ይመስለዋል። ስለ ንብ እርባታ የሚያወራ ሳይቀር ገዝቷል፤ እኛ ቤት ከዝንብ በቀር በራሪ የለም። ስለ ስኳር በሽታም ገዛ፤ የሱ በሽታ ግን ጨጓራ ነው።

የሚያነብስ ወንድምሽ ኢምራን ነበር። አባቱ ሱቅ ሲውል እየመዘዘ ያነብና ማታ ራት ላይ "አባባ፣ ይቺን እኮ ገና አልገለጥካትም፣ ቅጠሏ እንደተጣበቀ ነው" እያለ ይቀልድበታል። አባትሽም "ለአንተ ነው የገዛሁት" ይላል፤ ማፈሩን ሊሸሽግ። ነሐሴ ላይ የዝመቱ ጥሪ ሲመጣ ኢምራን ከጎረቤታችን ልጅ ከጁማ ጋር ተነሣ። አባትሽ ለመነው፤ እኔ እግሩ ላይ ወደቅሁ። አልሆነም። ሊወጣ ሲል ከመደርደሪያው ስለ ከዋክብት የምታወራ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ መዘዘና ኪሱ ከተታት። "ተራራው ላይ ማታ ማታ ሰማዩን እያየሁ እውነት ይሁን ውሸት አጣራለሁ" አለ። በዚያው ወደ አምባሰል ወጡ። ይህን ያህሉን በስልክም ነግሬሻለሁ።

መስከረም አንድ ቀን አባትሽ መጻሕፍቱን በሙሉ መሬት አወረዳቸው። ያነበባቸውን በመስኮቱ በኩል፣ ያላነበባቸውን በግድግዳው በኩል ከመረ። የመስኮቱ ክምር ከቁርጭምጭሚቴ አላለፈም፤ የግድግዳው ወገቤ ደረሰ። ቆሞ ሲያየው ቆየና "በዚህ ዓመት አንድ መጽሐፍ አልገዛም። እነዚህን አንብቤ እጨርሳለሁ" አለኝ።

"የሚሸጥልህስ ማን አለ? ደሴ ፒያሳ ዛሬ የተዘረጋው ተፈናቃይ እንጂ መጽሐፍ አይደለም" አልኩት።

ሳቀ። "አንዷ ደሞ ኢምራን ጋ ናት፤ እሷን ሲመጣ አነባታለሁ" አለ። እውነት እልሻለሁ፣ ደስ አለኝ። ሱቁ ሰው አይገባበትም፤ ቤት ሲውል ሬዲዮ ላይ ተደፍቶ ወሬ እያሳደደ ነበር የሚሰቃየው። ልቡን የሚያሳርፍበት አገኘ አልኩ።

በዚያ ቢያበቃ ምን ነበረበት። መስከረም አጋማሽ ላይ ለዘመቱት ልጆች ተሰብስቦ ዱዓ ይደረግ ተባለና ወዳጃው እኛ ቤት ሆነ። ሸህ ሀምዱ መጡ፤ የሰፈሩ አባቶች ሁሉ መጡ። ዱዓውን እየተቀባበሉ ሁሉም ለልጁ የሚሳለውን ነዝር ይናገራል፤ አንዱ ሙክት ይላል፣ አንዱ ጾም ይላል። ተራው አባትሽ ላይ ደረሰ።

"እኔም ነዝር ልግባ" አለ። "በቤቴ ያሉትን ያልተነበቡ መጻሕፍት ሁሉ ሳልጨርስ ኸዚህ ቤት ወጥቼ ሌላ ቦታ አላድርም። ልጄን በዚሁ በር ልቀበለው።"

ሰዉ አሚን አለ። ሸህ ሀምዱ ግን ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉና "ኡስማን፣ ነዝር እኮ ከባድ ነው። ዘመኑ የሚያመጣው አይታወቅም፤ ቀለል አርገው" አሉት።

አባትሽ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ሸሁ፣ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" አለ።

ተረት ነው ሀፊዛዬ። ሱቅ ውስጥ ሰው በዋጋ ሲከራከረው ሁልጊዜ የሚላት ተረት ናት፤ ስንት ጊዜ ሰምተሻታል። ምላሱ ለምዷት ነው እንጂ ልቡ አላላትም። ግን ልጁ ጦርነት ላይ ያለ ሰው ይህን ከአፉ ያወጣል? ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አፌን በሻሼ ያዝኩ። ለዚያች ቃል አሚን ያለ ሰው የለም። ያኔ ነው አባትሽ ራሱ ያለው የገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ሸህ ሀምዱ ቶሎ ብለው "ኸይሩን ይስማህ፣ ሸሩን አይስማህ" ብለው ዱዓቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አላረፍኩም።

እሱም አላረፈም። ንባቡ ንባብ መሆኑ ቀረና የቅጣት ሥራ ሆነ። ከሱብሂ ሶላት ተነሥቶ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል፤ ዓይኑ እስኪቀላ ያነባል። የንቡን መጽሐፍ አነበበ፣ የስኳሩን አነበበ። እነዚያን የፖለቲካ መጻሕፍት ደግሞ እየተቆጣም እየተከዘም አነበበ። ቃሌን ከጠበቅሁ ልጄን ይጠብቅልኛል ብሎ ይመስለኛል። እንዲህ ብሎ ግን ነግሮኝ አያውቅም።

በመስከረም መጨረሻ እናትነሽ መጣችብን። ከውጫሌ በላይ ካለው ገጠር ነው የመጣችው፤ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት፣ የአባትሽ የድሮ ደንበኛ። ያልታጨደ ማሳዋን ጥላ አንዲት ዶሮ ታቅፋ ደጃችን ቆመች። ከዚያ ወዲህ አብራን ናት። በስደትም ቢሆን የጽጌን ጾም አልፈታም ብላ ይዛለች፤ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ እስጢፋኖስን ከሩቅ ትሳለማለች። እኔ ሰግጄ ስነሣ አብረን ውኃ እንቀዳለን። ጨዋታ አዋቂ ናት፤ እሷ ባትኖር ይህን ወር አልወጣውም ነበር።

አንድ ቀን አባትሽ ጮክ ብሎ አነበበላት። "እዚህ ላይ 'ከእንግዲህ በዚህች አገር ወንድም በወንድሙ ላይ አይተኩስም' ይላል" አላት። እንደዚያ ሲል ከአምባሰል በኩል ከባዱ መሣሪያ አጉረመረመ።

"መቼ ነው የጻፈው ጋሽ ኡስማን?" አለች።

"የዛሬ ሦስት ዓመት።"

"ምነው ያኔውኑ ቢያነቡልን? እንደማይተኮስ አውቀን ቤታችን ቁጭ እንል ነበር።"

እኔ ሳቅሁ። አባትሽ አልሳቀም፤ መጽሐፉን ዘግቶ ወደ መስኮቱ ክምር አዛወረው።

ኋላ ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የግድግዳው ክምር እየቀነሰ ሲመጣ ማዝገም ጀመረ። የጨረሰውን "አልገባኝም" ብሎ ከመጀመሪያው ይጀምረዋል። ክምሩ ሲያልቅ የምትቀረው ኢምራን የያዛት ብቻ ናት፤ ያኔ ከመጠበቅ ሌላ ሥራ የለውም። ያንን ነው የፈራው።

ከተማችንን አሁን ብታያት አታውቂያትም። መኪናው ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ከውጫሌ መጥቶ ወደ ደሴ ያልፋል፣ ተመላሽ የለም። ባጃጁ ከሰው ይልቅ ፍራሽና ምጣድ ይጭናል። ፍየሎች አስፋልቱ ላይ ባለቤት የሌላቸው ሆነው ይንከራተታሉ። አሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ወደ ሣሩ ጎትተው ሄደዋል። በፊት ድምፁ ሲመጣ ነጎድጓድ ነው ብለን ራሳችንን እናታልል ነበር። አሁን ባጉረመረመ ቁጥር መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል፣ ከክምሩ ላይ መጽሐፍ ይወድቃል፤ አባትሽ አንሥቶ መልሶ ይከምረዋል። ትናንት የሐይቁ ወፎች በአንድ ላይ ተነሥተው በረሩ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ አልተመለሱም።

ዓርብ ዕለት ጨነቀኝና ሸህ ሀምዱ ጋ ሄድኩ። ኪታባቸውን በጆንያ እየከተቱ ነበር።

"ሸሁ፣ ሰውዬዬን ኸነዝሩ ይፍቱልኝ" አልኳቸው። "ወላሂ ኸዚህ ቤት ሊያስገድለን ነው።"

"ነዝር ያቃተው ሰው ከፋራ ያወጣል። አስር ምስኪን ታበያለሽ" አሉኝ።

"አስር ብቻ?"

"አስር ብቻ። እንኳን አስር፣ ዛሬ ኸደጄ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው ሁሉ ምስኪን ነው። እኔም አንቺም ነገ እዚያው እንቀላቀል ይሆናል" አሉና ጆንያቸውን ማሰር ቀጠሉ። አብሽሪ አላሉኝም። ሸህ ሀምዱ ሰውን "አብሽሪ" ሳይሉ ሲሸኙ ያን ቀን አየሁ።

ቅዳሜ ከእናትነሽ ጋር በትልቁ ብረት ድስት ንፍሮ ቀቅለን ተፈናቃይ ወዳረፈበት ትምህርት ቤት ሄድን። ሥጋ ቢሆን የእስላም የክርስቲያን ይባላል፤ ንፍሮ ግን የሁሉ ነው። አስሩ በልቶ ሌላውም በላ። አባትሽ ተፈታ፣ ነገ እንወጣለን እያልኩ ልቤ ቀሎኝ ነበር። አንድ ክፍል ጥግ ላይ ቀኝ ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ልጅ ተቀምጧል። ንፍሮውን ስዘረጋለት ቀና አለ። ፊቱ ጠቁሮ ከስቶ አላወቅሁትም።

"እማ መስኡዳ" አለኝ። ጁማ ነው።

"ኢምራንስ?" አልኩት።

 ከጃኬቱ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣና በግራ እጁ ሰጠኝ። "ቀኜ አልታዘዝ ብሎኝ ነው፤ በግራዬ ስለሰጠሁሽ አውፍ በይኝ እማ" አለ። ስፈታው ያቺ የከዋክብቱ መጽሐፍ ናት። ዝናብ ገብቶባት ቅጠሏ ተጨማዷል።

"ኸውጫሌ በላይ ነው" አለኝ። "በወጉ ሰግደንበታል።"

ሀፊዛዬ፣ ልጄ፣ መርዶ በወረቀት አይነገርም። በአገራችን ወግ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ዙሪያሽን ከቦሽ ነው የሚነገረው። ምን ላድርግ፣ ሽማግሌውም ተበትኗል፣ ስልኩም የለም፤ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ብዬ ነው። ከጁማ ቃል አልፌ ሌላ አልጽፍልሽም። አሁን አልቅሺ። ኢንሳፍ ትያዝሽ። ሲወጣልሽ የቀረውን አንብቢ።

እኔ ያን ዕለት አልጮህኩም። ትምህርት ቤቱ ሙሉ ሰው የየራሱን ኀዘን ይዞ ተቀምጧል፤ ማን ላይ ልጩህ? ንፍሮውን አድዬ ጨረስኩ። ጁማን እጁን ይዤ "እግር ላለው ሁሉ መንገዱ ክፍት ነው፤ ቶሎ ወደ ደሴ ውጣ" አልኩት። እጄም አፌም ሥራቸውን ይሠሩ ነበር፤ ውስጤ ግን ተቃጥሎ ነበር። እናትነሽ ፊቴን አይታ አወቀች። እስከ ቤት ድረስ ክንዴን ይዛኝ ሄደች።

ቤት ስንደርስ አባትሽ እንደወትሮው መስኮቱ ሥር ነው። መጽሐፏን በነጠላዬ ውስጥ ደረቴ ላይ ይዣታለሁ። እንባዬን ዋጥ አደረግሁና "ተነሥ እንውጣ። ሸህ ሀምዱ ፈትተውሃል፤ አስሩ በልቷል" አልኩት።

መጽሐፉን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። "ከፋራው ኸአላህ ጋ ያስታርቀኛል" አለኝ። "እኔ ያልታረቅሁት ኸኢምራን ጋ ነው። ያን ክፉ ቃል ኸአፌ አውጥቼበት፣ ደሞ ቤቱን ዘግቼበት ልሂድ? የኔዋን መጽሐፍ ይዞ ሲመጣ በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ። አውፍ በለኝ እለዋለሁ። ኸዚያ ወዲያ ወዳሻሽ ውሰጅኝ።"

ቆሜ አየሁት። ደረቴ ላይ መሆኗን አላወቀም።  ጓዳ ገባሁና የዱቄቱ እቃ ውስጥ ሸሸግኳት።

ትናንትንና የዛሬን ጠዋት እንዲህ ዋልኩ። ብነግረው ከዚህ ቤት ይወጣል፤ የሚጠብቀው የለማ። ግን ያን ቃል የተናገረ ሰው ይህን ሰምቶ እንዴት ይቆማል? ባልነግረው ደግሞ በር እየጠበቀ፣ እዚሁ ቁጭ እንዳለ እየመጡ ያሉት ተዋጊዎች ይደርሱበታል። በሩ ላይ የሚመጣው ደግሞ ኢምራን አይሆንም። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል አሉ፤ እኔ ላይ ሁለቱም በአንድ ቀን መጡ። ለማን ልንገር? ለሀኒያ አልነገርኳትም። እስከዚህ ድረስ የጻፍኩልሽም ላንቺ ስነግርሽ ልቤ ይቆርጥ ይሆን ብዬ ነው።

እዚህ ላይ አቁሜ ነበር። ማዕረግ መጥቶ በሩን አንኳኳ። ሱብሂ ሰግዳችሁ ስትጨርሱ ደጃችሁ እደርሳለሁ አለ። "ኸነገ በኋላ ወደ ሐይቅ የሚመለስ መኪና አታገኙም። እኔም አልመለስም። አራታችሁንም በዚያው ልያዛችሁ፤ ጋሽ ኡስማንን በገመድም ቢሆን ጭኜ እወስዳቸዋለሁ" አለ። ሀኒያ ሳቀች። እሷ የኔንም የሷንም ልብስ በአንድ ሻንጣ ከትታ ጨርሳለች።

ማዕረግ ሲሄድ ቆረጥኩ። የዐስርን ሶላት ሰገድኩና ጓዳ ገብቼ መጽሐፏን አወጣኋት። እናትነሽን "ሀኒያን ይዘሽ ውኃ ውረጂልኝ" አልኳት። ገባት፤ እንስራውን አንሥታ ወጣች። መጽሐፏን አባትሽ ፊት አስቀመጥኩ።

ብዙ አያት። ሽፋኗ ላይ የቀረውን ዱቄት በእጅጌው ጠረገ።

"ዝናብ አግኝቷታል" አለ።

"አዎ።"

"ማን አመጣት?"

"ጁማ።"

"ጁማ ደኅና ነው?"

"ክንዱን ነው፤ ይድናል።"

ሌላ አልጠየቀኝም። ጩኸት ጠብቄ ነበር፤ ራሱን ይመታል፣ ያን ቃሉን ይረግማል ብዬ ልይዘው ተዘጋጅቼ ነበር። አንዱንም አላደረገም። ተነሣና ውዱእ አደረገ። ምንጣፉን ዘርግቶ ቆመ። አላሁ አክበር አለ፤ ግን አላጎነበሰም፣ ግንባሩንም መሬት አላደረሰም። ቆሞ ጀምሮ ቆሞ ጨረሰ። በሞተ ሰው ላይ የሚሰገደው ሶላት እንደሆነ አወቅሁ። ያኔ ነው እኔም ከቅዳሜ ጀምሮ የያዝኩትን እንባ የለቀቅሁት።

ሲጨርስ አጠገቡ ተቀመጥኩ። "ኡስማኔ፣ አሁን የምትጠብቀው የለም። ነገ ኸሀኒያ ጋ እንውጣ" አልኩት።

"ይቺ ቀርታኛለች" አለኝ።

"መንገድ ላይ አንብባት።"

"ኸዚህ ቤት ነው ያልኩት።" ድምፁ የሱ አይመስልም። "ዝናብ እየደበደበው፣ ጥይት እየወረደበት ይዞልኝ ኖሯል መስኡዳ። የሱን አማና፣ አደራውን፣ ሳልጨርስ ኸየት እገባለሁ? ቀጭን ናት። ስጨርሳት እንወጣለን።"

ተነሣሁና ሻንጣውን ከፈትኩ። የኔን ልብስ አውጥቼ መልሼ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ሀኒያ ከውኃ ስትመለስ ሻንጣው ጎድሎ አየች። "እማዬ፣ ምነው?" አለችኝ። አባትሽ አንዲት መጽሐፍ ቀርታዋለች፣ እሷን ሲጨርስ በሚቀጥለው መኪና እንከተላችኋለን አልኳት። "መቼ ነው የሚጨርሰው?" አለች። ቀጭን ናት አልኳት። እናትነሽ ፊቷን አዙራ እንስራዋን አስቀመጠች።

አትቆጪኝ ሀፊዛ። ትቼው ብሄድ ምን ሆኜ እኖራለሁ? ልጄ አጠገቡ ሳልኖር ነው የሄደው፤ ውኃ እንኳ አላቀመስኩትም። አባትሽን ግን ብቻውን አልተወውም። ሞኝ ነው በይው፣ ግትር ነው በይው፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስለው ኖሬያለሁ። ባሌ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ልጁን ያጣ ሰው ነው።

ሀኒያ አዲስ አበባ እስክትደርስ ምንም አትስማ፤ መንገዱን ልቧ ሳይሰበር ትሂድ። ለኸሚስ ሽማግሌ ሰብስቦ በወጉ እንዲነግራት ጻፊለት፤ ያን ሰዓት አንቺ በስልክ አጠገቧ ሁኚ። ትምህርቷን እንዳታቋርጥ። አንቺን አይታ ወደ ዓረብ አገር እሄዳለሁ ብትል እምቢ በያት። እናትነሽን ደሴ ላይ ዘመዶቿ ይቀበሏታል፤ ከዚያ ወዲያ ብትቸገር ኸሚስ እንደ እኔ ይያት። የወንድማችሁን ለቅሶ ያለ እኛ ተቀመጡ።

አሁን መግሪብ ሊደርስ ነው። ድምፁ ዛሬ ከየት በኩል እንደሆነ አይለይም፤ ከሁሉም ወገን ይመስላል። አባትሽ ከፊት ለፊቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ይህን ሁሉ ስጽፍ አጠገቤ ነበር። መጽሐፏ እጁ ላይ እንደተከፈተች ናት። ከተቀመጠ ወዲህ የመጀመሪያውን ገጽ አልገለጠም።

አላህ በሰው አገር ካለ ክፉ ሁሉ ይሸሽግሽ። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፣ ከዘመድ አፈር ያገናኝሽ፣ የራስሽን ጎጆ ያሳይሽ። አንቺንና ሀኒያን አንዳችሁን ለአንዳችሁ ያቁምልኝ። ኢምራኔን ጀነተል ፊርደውስ ያስገባልኝ። ያጠባሁሽ ጡቴ ይመርቅሽ ልጄ። ሰው ስለ እኛ ሲጠይቃችሁ፣ መንገድ ላይ ናቸው በሉ።

እናትሽ
መስኡዳ